ነጭ ሳርን ሊያስተዳድሩ የመጡት ባለፀጋ

አርባ ምንጭን የሚያውቅ ሰው ሴቻን ያውቃል፡፡ ከሲቀላ ዳገቱን ወጥቶ ሴቻ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ጥቅጥቅ ያለውን ደን፣ በግራው ቀላ ያለውን አባያን፣ በቀኙ ሰማያዊውን ጫሞን፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል የእግዜር ድልድይን፣ ከዚያም ማዶ ፓርኩ ስሙን ያገኘበትን ነጣ ያለ ሜዳ ያያል፡፡ ይህን ለማየት ትኬት አያስፈልግም፡፡ ትኬት የሚቆረጠው ቁልቁል ወርዶ የፓርኩን በር ለሚያልፍ ሰው ብቻ ነው፡፡

እኔም ከዚያ አፋፍ ላይ በቆምኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፡፡ ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ማን ነው? የጠባቂውን ደመወዝስ የሚከፍለው ማን ነው? በሩ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ይበቃል ወይ? ይህንን ጥያቄ በወሬ ሳይሆን በገንዘባቸው ሊመልሱ የሞከሩ አንድ ሰው ነበሩ፡፡ ሆላንዳዊው ባለፀጋ ፖል ፌንተነር ቫን ቭሊሲንገን ይባላሉ፡፡ ስማቸው በአውሮፓ የንግድ ዓለም የታወቀ ቢሆንም፣ በእኛ አገር የሚያስታውሳቸው ጥቂት ሰው ነው፡፡ የነጭ ሳር ታሪክ ግን ያለ እሳቸው አይሟላም፡፡

የከሰል ነጋዴዎቹ ልጅ

ቫን ቭሊሲንገን የተወለዱት መጋቢት 12 ቀን 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1941) ዩትሬክት ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ አገራቸው ሆላንድ ያን ጊዜ በጀርመን ጦር ሥር ነበረች፡፡ ቤተሰቡ የከሰል ነጋዴ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1896 የከሰል ነጋዴዎች ተዋሕደው የመሠረቱት ኤስኤችቪ የተባለው ኩባንያ ለትውልዶች የኖሩበት ቤት ነበር፡፡ ፖል በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጥንተው እዚያው የቤተሰብ ሥራ ውስጥ ገቡ፡፡

ከሰል ዘመኑ እያለፈበት ሲሄድ ኩባንያው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1968 ማክሮ በሚል ስም የጅምላ መደብር አምስተርዳም ላይ ከፈተና በብዙ አገሮች አስፋፋው፡፡ በሲሊንደር እየተሞላ ለማዕድ ቤት የሚሸጠውን ጋዝም ያዘ፡፡ ቫን ቭሊሲንገን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ኩባንያውን በኃላፊነት መርተው ከዓለም ትላልቅ የቤተሰብ ድርጅቶች አንዱ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች አንዱ ናቸው፡፡ በአጭሩ፣ ሒሳብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፡፡ አንድ ሥራ ወጪውን ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም የሚለውን ጥያቄ በልጅነታቸው የተማሩት ይመስላል፡፡

በስኮትላንድ ተራሮች የተማሩት

ሀብታቸው ሲደላደል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ተራሮች ሌተርዩ የተባለውን ሰፊ ርስት ገዙ፡፡ ርስቱ ከ30 ሺሕ ሔክታር በላይ ነው፤ ከነጭ ሳር ስፋት ግማሹን በእጅጉ ያልፋል፡፡ አጋዘን የሚታደንበት፣ መኪና የማይደርስበት ምድረ በዳ ነው፡፡

እዚያ የገጠማቸው ችግር ለታሪካችን ቁም ነገር አለው፡፡ በእግራቸው ተራራ የሚወጡ ሰዎች ወደ ርስቱ መግባት የቆየ ልማዳችን ነው አሉ፡፡ ባለርስቱ በበኩላቸው አጋዘኖቹ እንዳይረበሹ ፈለጉ፡፡ ውዝግቡ ወደ ጋዜጣ ወጣ፡፡ ቫን ቭሊሲንገን አጥር ማጠር ወይም ክስ መመሥረት ይችሉ ነበር፡፡ እሳቸው የመረጡት ግን ከተራራ ወጪዎቹ ማኅበራት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1993 የሌተርዩ ስምምነት የተባለው ሰነድ ተፈረመ፡፡ እግረኛው በነፃነት ይገባል፣ በአደን ወቅት ግን ጥንቃቄ ያደርጋል የሚል ነው መንፈሱ፡፡ ከ10 ዓመት በኋላ ስኮትላንድ ማንኛውም ሰው በገጠር መሬት ላይ በኃላፊነት የመዘዋወር መብት እንዳለው በሕግ ስትደነግግ፣ ያ ስምምነት እንደ ፈር ቀዳጅ ተጠቅሷል፡፡

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ሰውየው መሬትና ሰው ሲጋጩ በድርድር መፍታት እንደሚቻል በገዛ ርስታቸው አይተዋል፡፡ አንባቢ ይህን ይያዝልኝ፡፡

ፓርክን እንደ ድርጅት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቫን ቭሊሲንገን ከኔልሰን ማንዴላ ጋር ተገናኝተው ስለ ደቡብ አፍሪካ ፓርኮች እንደተወያዩ ይነገራል፡፡ የአፓርታይድ ሥርዓት ከተወገደ በኋላ የአዲሱ መንግሥት ቅድሚያ ቤት፣ ውኃና ትምህርት ቤት ነበር፤ ለአንበሳና ለዝሆን የሚተርፈው ገንዘብ አነስተኛ ነው፡፡ ባለፀጋው በመጀመሪያ በደቡብ አፍሪካው የማራኬሌ ፓርክ ላይ ገንዘብ አፈሰሱ፡፡ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2000 ከጥበቃ ባለሙያዎች ጋር ሆነው አፍሪካን ፓርክስን አቋቋሙ፡፡

ሐሳቡ ቀላል ነበር፡፡ መንግሥት የፓርኩ ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል፤ ሕጉንም እሱ ያወጣል፡፡ የዕለት ተዕለት አስተዳደሩን ግን በረዥም ጊዜ ውል የሚረከብ አንድ ድርጅት ይኖራል፡፡ ድርጅቱ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ መኪና ይገዛል፣ ስካውት ያሠለጥናል፡፡ ከጐብኚ የሚገኘው ገቢ ወደ ሌላ ቦታ ሳይሄድ እዚያው ፓርኩ ውስጥ ይቀራል፡፡ የጐደለውን ድርጅቱ ከለጋሾች ፈልጐ ይሞላል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፡፡ ድርጅቱ ሲጀመር ስሙም ሆነ አካሄዱ የንግድ ኩባንያ ነበር፡፡ ፓርክ በሚገባ ከተያዘ ራሱን ያስተዳድራል የሚል ተስፋ ነበረው፡፡ ብዙም ሳይቆይ ግን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ፡፡ ጋዝና የጅምላ ዕቃ ሸጠው ያተረፉ ሰዎች የፓርክን ሒሳብ ሠርተው ሲያበቁ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ያለ ዕርዳታ አይሆንም የሚል ነው፡፡ ለእኔ የመግቢያ ክፍያ ይበቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2003 የማላዊው ማጄቴ እና የዛምቢያው ሊዩዋ ሜዳ ተፈረሙ፡፡ ማጄቴ በሕገወጥ አዳኞች አውሬ አልባ ሆኖ የቀረ ቦታ ነበር፡፡ ሊዩዋ ደግሞ ከ10 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች በውስጡ የሚኖሩበት ሜዳ ነው፤ ሰዎቹም አልተነሱም፣ ዛሬም እዚያው አሉ፡፡ ቀጣዩ ተረኛ የእኛው ነጭ ሳር ሆነ፡፡

ነጭ ሳር ላይ የሆነው

ነጭ ሳር በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ተከልሎለታል፡፡ የሜዳ አህያው፣ ጉማሬው፣ የጫሞ አዞ እና ከሌላ ቦታ የመጣው የስዌይን ቆርኬ መታወቂያዎቹ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ሜዳው ላይ ካለ መንገድ የአንዲት የሌሊት ወፍ መሰል ሳትሆን በሌሊት የምትበር እውነተኛ ወፍ አንድ ክንፍ አንስተው፣ በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ መሆኗ ከ5 ዓመት በኋላ ተመዝግቧል፡፡ እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ፓርክ ግን ለረዥም ዓመታት በሕግ ጋዜጣ ላይ ድንበሩ ታውጆ አያውቅም ነበር፡፡ ያን ጊዜ በአዋጅ የፀኑት አዋሽና ሰሜን ተራሮች ብቻ ነበሩ፡፡

ፓርኩ ባዶ መሬትም አልነበረም፡፡ የጉጂ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን በሜዳው ላይ ያሰማራሉ፡፡ የኮሬ ገበሬዎች በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያርሳሉ፡፡ የአርባ ምንጭ ድሃ ከደኑ ማገዶ ለቅሞ በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል፡፡ በደርግ ዘመን ጉጂዎቹ እንዲወጡ ተደርገው ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ተመልሰው ገቡ፣ የፓርኩ ንብረትም ያን ጊዜ ተጐዳ፡፡

በየካቲት 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) አፍሪካን ፓርክስ ከፌዴራሉና ከያኔው የደቡብ ክልል መንግሥት ጋር ተፈራረመ፡፡ ነጭ ሳርን የሚያስተዳድረው ይኸው ድርጅት ሆነ፡፡ ቀጥሎ በ1998 ዓ.ም. ኅዳር አካባቢ የኦሞ ፓርክም ታከለበት፡፡ ገንዘብ ያለው፣ ልምድ ያለው፣ ገቢውን እዚያው የሚያውል ድርጅት መምጣቱ ለብዙዎች መልካም ዜና ነበር፡፡ አርባ ምንጭ ላይ ሆቴልና መኪና ያለው ሁሉ ተስፋ ማድረጉ አይፈረድበትም፡፡

ችግሩ የነዋሪዎቹ ጉዳይ ነበር፡፡ ሰዎቹን ከፓርኩ ማስወጣት የመንግሥት ድርሻ ሆኖ ተያዘ፡፡ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የኮሬ አባወራዎች ከፓርኩ ውጪ እንዲሰፍሩ ተደረገ፡፡ ጉጂዎቹ ግን እምቢ አሉ፡፡ በኅዳር 1997 ዓ.ም. 463 የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸውን ሪፊዩጂስ ኢንተርናሽናል የተባለው ተቀማጭነቱ አሜሪካ የሆነ ድርጅት ዘገበ፡፡ አፍሪካን ፓርክስ በሰፈራው እጁ እንደሌለበት አስታወቀ፡፡ የመብት ተሟጋቾች ደግሞ ውሉን የፈረመ ድርጅት ከውጤቱ ነፃ ነኝ ሊል አይችልም ብለው ተከራከሩ፡፡ ክርክሩ በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ሳይቀር ወጣ፡፡

ያዝልኝ ያልኩትን ስምምነት የማነሳው እዚህ ላይ ነው፡፡ በስኮትላንድ ከተራራ ወጪዎች ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሰው፣ በሊዩዋ ነዋሪው ከነመንደሩ የቀረበት ድርጅት መሥራች፣ ነጭ ሳር ላይ ስማቸው ከሰፈራ ጋር ተያይዞ ተነሳ፡፡ ልዩነቱ ምንድን ነው? በእኔ ግምት ሌተርዩ ላይ ተደራዳሪው ባለርስቱ ራሳቸው ነበሩ፤ ከፊታቸው የተቀመጡትም ማኅበር፣ ጠበቃና ጋዜጣ ያላቸው ሰዎች ናቸው፡፡ ነጭ ሳር ላይ ውሉ የተፈረመው በመንግሥትና በድርጅቱ መካከል ነው፡፡ ከብቱን ሜዳው ላይ የሚያሰማራው ጉጂ ከፈራሚዎቹ መካከል አልነበረም፡፡

ሞታቸውና የድርጅቱ መውጣት

ቫን ቭሊሲንገን የነጭ ሳርን መጨረሻ አላዩም፡፡ በጣፊያ ካንሰር ታመው ነሐሴ 15 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በ65 ዓመታቸው ሆላንድ ውስጥ አረፉ፡፡ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፡፡

ድርጅታቸው ደግሞ በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሊወጣ መሆኑን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመትም ነጭ ሳርንና ኦሞን አስረክቦ ሄደ፡፡ ምክንያቱን ባጭሩ ሲያስቀምጥ፣ በፓርኮቹ ውስጥ ያለው የመሬት አጠቃቀም ከጥበቃ ጋር ሊታረቅ አልቻለም፣ ለዚህም መፍትሔ አልተገኘም የሚል ነበር፡፡ ተቺዎቹ በበኩላቸው መፍትሔው የጠፋው ከመጀመሪያው ሕዝቡ ስላልተጠየቀ ነው አሉ፡፡ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ፡፡ ነጭ ሳርን ያሸነፈው የገንዘብ እጥረት ብቻ አልነበረም፡፡ ገንዘብ መጥቶም አልሆነም፡፡

ከዚያ በኋላ ፓርኩ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰ፡፡ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 575 የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ፡፡ አፍሪካን ፓርክስ በሌሎች አገሮች እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ከ20 በላይ ፓርኮችን ያስተዳድራል፡፡ መሥራቹ ከሞቱ በኋላ ገንዘቡን ያገኘው ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከአሜሪካ መንግሥትና እንደ ስዊዘርላንዳዊው ሀንስዮርግ ቪስ ካሉ ሌሎች ባለፀጐች ነው፡፡ ከመግቢያ በር አይደለም፡፡

በሩ ላይ የሚሰበሰበው ስንት ያወጣል?

እስቲ በምሳሌ እንየው፡፡ ቁጥሮቹ ለማስላት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፡፡ አንድ ፓርክ በዓመት 10 ሺሕ ጐብኚ አስተናግዶ በአማካይ ከእያንዳንዱ 200 ብር ቢያገኝ፣ ጠቅላላ ገቢው 2 ሚሊዮን ብር ነው፡፡ ይኸው ፓርክ 60 ሠራተኞች ኖረውት ለእያንዳንዳቸው በወር 5 ሺሕ ብር ቢከፍል፣ ደመወዝ ብቻ 3 ሚሊዮን 600 ሺሕ ብር ይሆናል፡፡ ነዳጅ፣ ጐማ፣ የመንገድ ጥገና፣ ጀልባ፣ የስካውት ጫማና ድንኳን ገና አልተነሳም፡፡ ክፍያውን በእጥፍ ብናሳድግስ? ደመወዙን ሸፍኖ ጥቂት ይተርፈዋል፤ ያውም ጐብኚው ሳይቀንስ ከመጣ ነው፡፡

ጐብኚ ደግሞ የሚታመን ገቢ አይደለም፡፡ ወደ ነጭ ሳር የሚመጣው የውጭ ቱሪስት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ኦሞ ሲያልፍ አንድ ሌሊት የሚያድር መንገደኛ ነው፡፡ በጀልባ የአዞ ገበያን አይቶ ሴቻ ላይ ያድራል፤ በማግሥቱ ጉዞውን ይቀጥላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ፣ ቀጥሎም በአገራችን ጦርነት ሲነሳ፣ የቱሪስት መኪና የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበር፡፡ ስካውቱ ግን ያኔም ደመወዝ ያስፈልገዋል፤ እንዲያውም ሕገወጥ አዳኝና ማገዶ ቆራጭ የሚበረታው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፡፡

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን፡፡ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከጐብኚ የሚሰበሰበው ክፍያ ምክር ቤቱ በየዓመቱ ከሚመድበው በጀት አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው፡፡ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ጥቂት ስመ ጥር ፓርኮች ትርፋማ ሆነው ሌሎቹን ይደጉማሉ፡፡ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጐሪላ ለማየት 1,500 ዶላር ታስከፍላለች፤ ከፓርኮቿ ገቢም 10 በመቶውን ለአካባቢው ነዋሪ ትመድባለች፡፡ ያ ዋጋ የሚሠራው ግን ጐሪላ ላለው ብቻ ነው፡፡ የሜዳ አህያ ለማየት 1,500 ዶላር የሚከፍል ሰው የለም፡፡

እንግዲህ የፓርክን ወጪ የሚሸፍኑ ሌሎች ኪሶች አሉ ማለት ነው፡፡ አንዱ የመንግሥት ካዝና ነው፡፡ ሁለተኛው ለጋሽ ነው፤ ባሌ ተራሮች ላይ የፍራንክፈርት ዞሎጂካል ሶሳይቲ ለዓመታት ሲሠራ የቆየው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ሦስተኛውን ኪስ ግን ማንም በሒሳብ መዝገብ አይጽፈውም፡፡ እሱም የግጦሽ መሬቱን፣ እርሻውንና ማገዶውን የተከለከለው ነዋሪ ነው፡፡ ከጐብኚው ይልቅ ከፍተኛውን የመግቢያ ክፍያ የከፈለው እሱ ነው፤ ደረሰኝ ግን አልተቆረጠለትም፡፡

አራተኛ ኪስም አለ፤ የእኛ የከተሜዎቹ ኪስ ነው፡፡ አርባ ምንጭ ከተማ ስሟን የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁት ከሴቻ ገደል ሥር፣ በፓርኩ ደን ውስጥ ነው፡፡ ከተማው የሚጠጣው ይህንኑ ውኃ ነው፡፡ ደኑ ከጠፋ ምንጩ እንደማይበረክት የሚያውቅ ሰው ለደኑ ጠባቂ በየወሩ ከውኃ ሒሳቡ ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢያዋጣ ይከፋው ይሆን? ኮስታሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ መሠረት ከነዳጅ ግብር ቀንሳ ደኑን ለሚጠብቅ ባለመሬት ትከፍላለች፡፡ ቱሪስት መጣም አልመጣም ክፍያው አይቋረጥም፡፡ የጫሞን ዓሣ የሚሸጠው፣ ሐይቆቹን እያሳየ አልጋ የሚያከራየው ሆቴልም ከዚሁ ማዕድ የሚበላ ነው፡፡

ቫን ቭሊሲንገን ያልተሳካላቸው ሰው ናቸው ብዬ መደምደም አልፈልግም፡፡ ማጄቴ ዛሬ ዝሆን፣ አውራሪስና አንበሳ ተመልሰውበት ይኖራሉ፡፡ ሰውየው ወጪውን በትክክል ያሰሉ፣ ከኪሳቸውም አውጥተው የሞከሩ ናቸው፡፡ ነጭ ሳር ላይ የቀረባቸው፣ ሌተርዩ ላይ ያደረጉትን መድገም ነው፡፡ ከመፈረም በፊት ከመሬቱ ጋር የሚኖረውን ሰው ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነበር፡፡ ያ ደግሞ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የእኛም የቤት ሥራ ነበር፤ አሁንም ነው፡፡

ነገ ሌላ ባለፀጋ ወይም ሌላ ድርጅት መጥቶ ፓርካችሁን ልያዝላችሁ ሊል ይችላል፡፡ ይምጣ፡፡ ነገር ግን በመግቢያ ክፍያው ላይ ከመከራከራችን በፊት ጉጂውን፣ ኮሬውንና ማገዶ ተሸክማ የሴቻን ዳገት የምትወጣውን እናት ምን ቀረባችሁ፣ ምንስ ይካሣችሁ ብለን እንጠይቅ፡፡ ከዚያ በኋላ የራሳችንን ድርሻ እንወቅ፡፡ እኔ በበኩሌ በሚቀጥለው ጊዜ ሴቻ አፋፍ ላይ ቆሜ ያንን ውብ አገር ሳይ፣ በነፃ እያየሁ ነው ብዬ አላስብም፡፡ የከፈለልኝ ሰው እንዳለ አውቄያለሁና፡፡